በባሕር ዛፍ ቅጠል የተጠራው አጋዘን

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሱቃችንን የብረት በር ቆልፈን ከቮስሎሩስ ወጣን። ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሠፈር ውስጥ ሱቅ ያለው ሐበሻ፣ ሰው ገና የወር ደመወዙን በልቶ ሳይጨርስ፣ ዓርብን ዘግቶ ከሄደ ወይ ለቅሶ አለበት ወይ ሠርግ። እኛ ግን የወጣነው አጋዘን ለመጥራት ነው። ባለቤቴ ዘነበች ትጠራዋለች፣ አጋዘኑ ይመጣል፣ የእንስሳት ሐኪሟ የማደንዘዣ መርፌ ትተኩስበታለች፣ ከዚያ ቀንዱና አፉ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ይቆረጥለታል። ዕቅዱ ይኸው ነበር። ሳይመጣ ከቀረ ግን የእርሻው ባለቤት ቅዳሜ ረፋድ ላይ በጥይት ሊገላግለው ወስኗል።

ከወዲሁ ልናገር፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በሚስቴ ልኮራ ነው። ጉራ የማይወድ አንባቢ ከዚህ ሊመለስ ይችላል።

ነገሩ እንዴት መጣ

ባባ ዱሚሳኒ ደንበኛችንም ጎረቤታችንም ናቸው። ሥራቸው ሃይደልበርግ ከምትባል የዚሁ አገር ከተማ ወዲያ ባለ የአጋዘን እርሻ ላይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ወደ ቤታቸው ሲመጡ ሱቃችን ደጃፍ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው የመንደሩን ወሬ ሰምተው ይሄዳሉ። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ሁሉም ነገር ተዘግቶ፣ እኔና ዘነበች ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን ግራ ገብቶን ስንቀመጥ፣ ዱባና የበቆሎ ዱቄት በአጥር ላይ ያቀበሉን እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ባለፈው እሑድ መጥተው ሳጥኑ ላይ ሳይቀመጡ ሲቀሩ አንድ ነገር እንዳለ ገባን።

«ምን ሆነዋል ባባ?» አልኳቸው።

አሮጌ አጥር ሲቀይሩ ቆርጠው ያወጡትን አንድ ጥቅል ሽቦ ሣር ውስጥ ረስተውት ኖሯል። ወቅቱ ደግሞ ወንዶቹ አጋዘኖች በእንስት የሚጣሉበት፣ ሣሩንም ቁጥቋጦውንም በቀንዳቸው የሚወጉበት ነው። ከሁሉም ትልቁ ወንድ ያንን ሽቦ ከነሣሩ በቀንዱ አነሣው። ሽቦው ቀንዱ ላይ ተጠምጥሞ በአገጩ ሥር ዞረና አፉን ቀየደው። አሁን ሣር የሚነጨው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሰው ካየ ደግሞ ይሸሻል። የማደንዘዣው ጠመንጃ የሚያገለግለው ከሠላሳ እርምጃ ወዲህ ነው። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ መጥታ ከመቶ እርምጃ በታች ልትቀርበው አልቻለችም።

«የረሳሁት እኔ ነኝ» አሉ ባባ ዱሚሳኒ። «ባለቤቱ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በየጠዋቱ እሱ ሣሩን ሲታገል እያየሁ ቁርሴ አልወርድ ብሎኛል።»

እኔ መቼም አፌን መያዝ አልችልም። «ዘነበች እኮ ድኩላ ትጠራለች» አልኩ።

ዘነበች ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሆና በዓይኗ ገላመጠችኝ። ያደገችው ከምባታ ነው። አባቷ ከአተርና ከባቄላ ማሳ ላይ ድኩላ የሚያጠፉ፣ በአካባቢው የታወቁ አዳኝ ነበሩ። ለጋ ቅጠል በከንፈር መካከል ይዞ መንፋትን ከእሳቸው ተማረች። ጥሪው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእንስቷ ድምፅ ሲሆን ወንዱን ያመጣል። ሁለተኛው የጠፋ ግልገል ለቅሶ ነው፤ እሱ እናትን ያመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት በሁለተኛው ድምፅ አንዲት ድኩላ ጠራች። እናቲቱ አባቷ ከተደበቁበት ሦስት እርምጃ ድረስ መጣች፣ ግልገሏን ስትፈልግ ዘነበችን ፊት ለፊት አየቻት፣ ወዲያው ጦሩ አረፈባት። ከዚያ ቀን በኋላ ዘነበች ለአባቷ ጠርታ አታውቅም። ይህን ለእኔ የነገረችኝ በአምስት ዓመት ትዳራችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ለባባ ዱሚሳኒ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

«መርፌው ይገድለዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሽቦውን ቆርጠን እንለቀዋለን።»

ዳቦ ስትደረድር ቆየች። ከዚያ «እሺ፣ ወንዱን በእንስቷ ድምፅ እሞክረዋለሁ» አለች። «በግልገል ድምፅ ግን አልጠራም። እሱን ማንም አይጠይቀኝ።»

ከቮስሎሩስ እስከ ሃይደልበርግ

ሁለታችንም ማስካችንን አድርገን፣ እኔ ደግሞ የሳኒታይዘር ጠርሙሴን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ታክሲ ተራው ደረስን። ይህችን ጠርሙስ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ። ከዓመት በላይ ሆነን፤ ሱቅ ውስጥ ብር በተቀበልኩ ቁጥር፣ ዳቦ ባቀበልኩ ቁጥር፣ በር በከፈትኩ ቁጥር እጄ እሷን ሳይረጭ ውሎ አያውቅም። ዘነበች «አንተ በሕልምህም ትረጫለህ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ታክሲ ውስጥ ሳላስብ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። እዚህ አገር ረዳት የለም፤ ፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ሂሳብ ሰብስቦ መልስ ያከፋፍላል። ሠላሳ ሠላሳ ራንድ ከኋላ በሰው እጅ እየተቀባበለ መጣልኝና እስከ ሀይዌዩ ድረስ ሳከፋፍልና ስረጭ ሄድኩ። መስኮቱ ሁሉ በወረርሽኙ ምክንያት ተከፍቶ የግንቦት ብርድ ፊታችንን ይገርፈዋል። የዚህ አገር ግንቦት ክረምቱ የሚገባበት ነው፤ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ እንኳ ሰውነቴ ይህን ሊቀበለው አልቻለም።

ከሃይደልበርግ መግቢያ በፊት ፖሊሶች መንገድ ዘግተው ይፈትሹ ነበር። አንድ ወፍራም፣ ማስኩ አገጩ ላይ የወረደ ፖሊስ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ፔፐሬን ጠየቀኝ። ፔፐር የምንለው የጥገኝነት ወረቀታችንን ነው፤ አጣጥፌ የያዝኩትን አወጣሁለት። አገላበጠው።

«ወዴት ነው?»

«አጋዘን ልንጠራ።»

«ምን ልትጠሩ?»

ዘነበች ከኋላ ሆና ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። እኔ ግን ከሽቦው እስከ ሐኪሟ ሁሉንም ነገርኩት። ተሳፋሪው ሁሉ እያዳመጠ ነበር። ፖሊሱ ዘነበችን አየት አድርጎ «ማማ፣ እውነት ነው?» አላት። እሷም በቁጭት «ዬቦ» አለችው፤ አዎ ማለቷ ነው። ወረቀቱን መለሰልኝና እየሳቀ «ሀምባኒ ካህሌ» ብሎ በደኅና እንድንሄድ አሰናበተን። ከዚያ በኋላ ታክሲው ውስጥ ስለ አጋዘን አስተያየት ያልሰጠ ሰው አልነበረም።

ሃይደልበርግ ስንወርድ ረሃቡ ጠናብኝ። ታክሲ ተራው ዳር አንዲት እናት ትኩስ ማግዊንያ ያወጣሉ፤ በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ድብልብል ነው፣ አንዱ ሁለት ራንድ። ስድስት ገዛን፤ በጉበት ሞልተው ሰጡን። ዓርብ ቢሆንም ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንት ስላልሞላው ጾም አልነበረም። ዘነበች ጴንጤ ናት፣ ለእሷ ዓርቡም ረቡዑም አንድ ነው፤ እኔ ግን ዓርብ ቀን ጉበት ስበላ አሁንም ግራና ቀኝ አያለሁ። ቆመን እየበላን ሳለ ባባ ዱሚሳኒ የእርሻውን ባኪ፣ ከኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና፣ ይዘው ደረሱ።

እርሻው

ከከተማው ወጥተን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንች ተጀመረ። በስተግራ የደረቀ በቆሎ ማሳ፣ በስተቀኝ ብጫ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ከሩቅ ደግሞ ዝቅ ያሉ ድንጋያማ ኮረብቶች ነበሩ። ሽቦ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ረድፍ ረድፍ ሆኖ የቆመ ባሕር ዛፍ ሳይ እኔ የኮልፌ ልጅ እንኳ ደስ አለኝ፤ ዘነበች ግን መስኮቱን ከፍታ ማስኳን አውርዳ ሽታውን ሳበች።

መንገድ ላይ ባባ ዱሚሳኒ ስለ አጋዘኖቹ ነገሩን። «እነዚህ የዚህ አገር አይደሉም። በመርከብ ከአውሮፓ ያመጧቸው ናቸው።»

«ታዲያ ፔፐራቸውን በየስድስት ወሩ ያሳድሳሉ?» አልኳቸው።

ባባ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያ ሳምንት የሳቁት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሟ ከመጋዘኑ ፊት ቆማ ጠበቀችን። ረጅም፣ በዚያ ብርድ ቁምጣ የለበሰች ወጣት ናት። በጨዋነት በክርን ሰላም አለችን፣ ነገር ግን እንዳላመነችን ያስታውቃል። ስልኳ ላይ የተቀዳ የአጋዘን ድምፅ ነበራት፤ እሱንም ከሱቅ የተገዛ የእንስት ሽታንም ሞክራ አልሆነላትም። ዘነበች የተቀዳውን ድምፅ ደጋግማ አስከፍታ ሰማች። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ሄዳ ቅጠል መረጠች። ያረጀውን ጣለች፣ በጣም ለጋውንም ጣለች። አንዱን በጥርሷ ነክሳ ዳሩን አሳሳችና በከንፈሮቿ መካከል ይዛ ነፋችበት።

ያን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። ቀጭን፣ አጠር ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ድምፅ ነው። በአጥር ተለይተው ባዶ ሜዳ ላይ ሣር ይግጡ የነበሩ ሦስት እንስቶች አንድ ላይ ቀና አሉ። ሐኪሟ ስልኳን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ሚስቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ ትከሻዬ ሰፋ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ከዚያ በኋላ አዛዧ ዘነበች ሆነች። በመጀመሪያ ሽታችንን አስወገደች። «አንተ ላምባ፣ ሳሙናና በርበሬ ትሸታለህ፤ ከኪሎ ሜትር ያውቅሃል» ብላ ጃኬቴን አስወለቀችኝ። በቀዝቃዛ ውኃ ያለ ሳሙና አስታጠበችን። ባሕር ዛፍ ቅጠል እየጨመቀች የሐኪሟን እጅጌ ሳይቀር አሸችው። አጋዘኖቹ ከባሕር ዛፍ ሥር የሚኖሩ ስለሆኑ ያ ሽታ አያስደነግጣቸውም። ባባ ዱሚሳኒ በበኩላቸው እንስቶቹ የሚያድሩበትን፣ ሽንታቸውን የጠጣ ጭድ በጆንያ ሞልተው አመጡ። ወንዱ በዚህ ወቅት ያንን ሽታ ካገኘ አይቶ አያልፍም።

ጭዱን የመበተኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ቦታው ከዛፎቹ ረድፍ ሃያ አምስት እርምጃ ላይ ነው። ሐኪሟ ከዛፎቹ ሥር ከወደቀ ግንድ ኋላ ከነጠመንጃዋ ተኛች፤ ዘነበች ከጎኗ፣ ባባና እኔ ከበስተኋላ። ነፋሱ ከሜዳው ወደ እኛ ይነፍሳል። ባባ አቧራ በትነው ሁለት ጊዜ አረጋገጡ።

ዘነበች ጠራች። ቆይታ ደግማ ጠራች። በሦስተኛው ከቁጥቋጦው ውስጥ የሚያጓራ፣ ወፍራም ድምፅ መለሰላት። ባባ ክንዴን ጨበጡኝ። ብቅ አለ። ቀንዱ ጫፉ ላይ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ አንገቱ ያበጠ፣ ጎኑ ግን አጥንቱ የሚቆጠር ትልቅ ወንድ ነበር። ሽቦው በአገጩ ሥር ያብለጨልጫል። እያጓራ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተራመደ ወደ ጭዱ መጣ። ስድሳ እርምጃ። አምሳ። ሐኪሟ ጣቷን ምላጩ ላይ አደረገች። አርባ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ አንድ የተረሳ የጭድ ቁራጭ አሸተተ። ከዚያ እንደተቃጠለ ሰው ዘሎ ተመለሰ፤ ከኋላው የቀረው አቧራው ብቻ ነበር።

ዘነበች ተነሥታ ወደ ጭዱ ሄደች፣ ከመሬት አንሥታ አሸተተች። ተመልሳ መጣችና እጄን ይዛ አሸተተች።

«ረጨህ እንዴ?»

መቼ እንደረጨሁ እንኳ አላውቅም። ጆንያውን ስከፍት እርጥብና የሚገማ ነገር ነካሁ፤ እጄ በራሱ ወደ አንገቴ፣ ከሸሚዜ ሥር ወደተረሳችው ጠርሙስ ሄደ። ከዚያ በዚያው እጄ ጭዱን ስበትን ዋልኩ፣ የወዳደቀውንም አንድ በአንድ ለቀምኩ። ለአንድ ዓመት ሙሉ ሕይወቴን ያተረፈልኝ ልማድ ያንን እንስሳ ሊያስገድለው ነው። አፈርኩ፤ ባባ ዱሚሳኒን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ባባ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ሽቦ ረሳሁ፤ አንተ ደግሞ መርጨት አልረሳህም» አሉኝ። እንዲያጽናኑኝ ነው፤ ግን ይበልጥ አንገበገበኝ።

ሐኪሟ ነገ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ እንደምትቆይ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አላት፣ ባለቤቱም ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። ማታ ባባ እርሻው ላይ ወደሚያድሩባት ቤት ሄድን። ጠርሙሴን ከአንገቴ አውልቄ ባኪው ውስጥ ተውኩት። ባባ ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ጎመን ሠርተው አበሉን። ሳህኑን ስታነሣ ዘነበች «ከእንግዲህ ለእንስቷ ድምፅ አይመጣም» አለች። «ተታልሏል። ነገ የምጠራው እሱን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን?»

«እነሱን። እናቶቹን። እንስቶቹ ከመጡ እሱ ትቷቸው አይቀርም።»

የትኛውን ድምፅ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። «አትጠይቁኝ ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«አልጠየቃችሁኝም እኮ» አለችና ሳህኗን ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚህ ጊዜ ጭድ የለም፣ እኔም ምንም እንዳልነካ እጆቼን በብብቴ ሥር እንድይዝ ታዝዣለሁ። በዚያው ግንድ ኋላ ተኛን። ዘነበች ቅጠሉን በትንፋሿ አሞቀችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ነፋችው።

የትናንቱ ጥሪ ይህ አይደለም። ይህ ለቅሶ ነው። ሁለተኛውን ስትነፋ እኔ ራሴ ተነሥቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። ባባ ዱሚሳኒ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት እንስት ከቁጥቋጦው ወጣች፣ ጆሮዎቿን ወደ እኛ አቀናች፣ መሮጥ ጀመረች። ሌሎች አራት ተከተሏት። ከእነሱ ኋላ፣ ርቆ፣ እየቆመና እያጓራ፣ እሱ መጣ። አፍንጫውን ወደ መሬት ያወርዳል፣ ይጠራጠራል፣ እንስቶቹ ሲርቁበት ደግሞ ይቸኩላል።

ፊተኛዋ እንስት አሥር እርምጃ ላይ ቆመች። ዘነበችን አየቻት። ዘነበችም አየቻት። ቅጠሉ ከንፈሯ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የምታቆም መሰለኝ። ወንዱ ገና አርባ ላይ ነበር። ዘነበች ዓይኗን ከእንስቷ ላይ ሳታነሣ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ወዳለው ማስኳ እየወረደ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ጠራች። እሱ ሠላሳ ደረሰ፤ ሃያ ስምንት ላይ ጎኑን ሰጠ።

የጠመንጃው ድምፅ እጅ የማጨብጨብ ያህል ነው። እንስቶቹ በረገጉና ሄዱ። እሱ ጥቂት ሮጦ ዘገመ፣ ዞረ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ሣሩ ላይ ተኛ። ሐኪሟ «ቆዩ፣ ቆዩ» ብላ ያዘችን። ከዚያ ሮጥን።

ዓይኑን በጨርቅ ሸፈነችው። መቁረጫውን ለባባ ዱሚሳኒ ሰጠቻቸው። እሳቸው ተንበርክከው ከቀንዱ ጀመሩ። ዘነበች ቀንዱን ያዘችላቸው። በአገጩ ሥር ያለው ሽቦ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሱን ሐኪሟ ቀስ ብላ አወጣችው፣ ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ቀባችው። ባባ የተቆረጠውን ሽቦ ቁራጭ በቁራጭ ከሣሩ እየለቀሙ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከጨረሱ በኋላም ያንን ሣር በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

ሐኪሟ የሚያነቃውን መርፌ ወጋችው። ወደ ኋላ ሸሸን። መጀመሪያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና አለ፣ ቆመ፣ ተንገዳገደ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ሙሉ ጉንጩን ሣር ነጨ። ባባ ዱሚሳኒ «ንጂያቦንጋ» አሉ፤ እያመሰገኑ ያሉት ዘነበችን ይሁን እሱን አላወቅኩም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መመለሻ

ባለቤቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ ጠመንጃው ከመኪናው ኋላ ወንበር ላይ ነበር። አጋዘኑን በመነጽር ረጅም ጊዜ አየው። ዘነበችን ስሟን ጠይቆ ሦስት ጊዜ ሊጠራው ሞከረና አልሆነለትም፤ ባርኔጣውን አንሥቶላት ለስጦታ አንድ ከረጢት ቢልቶንግ ሰጠን። ቢልቶንግ የደረቀ ሥጋ ነው፤ እኔ ደግሞ እወደዋለሁ። «የምን ሥጋ ነው?» አለች ዘነበች። «የአጋዘን» አላት በኩራት። ከረጢቱን ከእጄ ተቀብላ በትሕትና መለሰችለት። ሁለት ቁራጭ ኪሴ ውስጥ አስቀርቼ ነበር፤ አየችኝና እነሱንም መለስኩ።

ባባ እስከ ሃይደልበርግ ታክሲ ተራ አደረሱን። ስንሰነባበት ከባኪው ውስጥ የሳኒታይዘር ጠርሙሴን አውጥተው አንገቴ ላይ መልሰው አጠለቁልኝ። «ለሰው ጥሩ ነው» አሉኝ።

ታክሲው ውስጥ በዚህኛው ጉዞ ኋላ ተቀመጥኩ። ከዚህ መንገድ ምን ተማርክ የሚለኝ ካለ፣ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር ሚስቴ በደንብ የምታውቀው ነገር ሱቅ መጠበቅና ሂሳብ መያዝ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቃትም ነበር። ሁለተኛ፣ አፌ አንዳንዴ ይጠቅማል። ይህን ለዘነበች ስነግራት «ሁለተኛውን ሰርዘው» አለችኝ፤ አልሰረዝኩትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቮስሎሩስ ገብተን ሱቁን ከፈትን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ቀድሞን እንደገባ አወቅን፤ ከትናንቱ ታክሲ ተሳፋሪዎች አንዷ የሠፈራችን ሰው ኖራለች። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ «ማማ፣ እስቲ ጥሪልን» ይላል። ዘነበች ጠርታ አላሳየችም።

አመሻሹ ላይ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ለአባቷ ደወለች። እኔም እንድሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ እሳቸውም ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስለ ጥሪ በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ሁሉንም ነገረቻቸው። በግልገል ድምፅ እንደጠራችም አልደበቀቻቸውም።

«በምን ቅጠል?» አሉ አባቷ።

«በባሕር ዛፍ፣ አባዬ።»

«እሱ ወፍራም ነው። ዳሩን በጥርስሽ አሳሳሽው?»

«አሳሳሁት። እርስዎ እንዳሳዩኝ።»

«እናቲቱስ?»

«ሄደች። እሱም ተነሥቶ ሄደ። ሁሉም ሄዱ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠርቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ከጠራኋቸው አንድም ተነሥቶ የሄደ የለም። በለጥሽኝ።»

ስልኩን አንሥቼ «ሰምታለች አባባ» አልኳቸው። እሷ ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ፣ በፍርግርጉ በኩል ሳሙና ለሚጠይቁት ሴትዮ ሳሙናቸውን አቀበለች።